ከጅማ መርካቶ የገዛኋት ቢጫ ቴስተር፦ ኦሟን ተዉት፣ ቮልቷን እመኑ

ስለዚህች ቴስተር (የኤሌትሪክ መለኪያ) ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ልጻፍላችሁ። ዲቲ 830 የምትባለዋ ናት፤ ቢጫ፣ መዳፍ የምታክል፣ በየኤሌትሪክ ዕቃ ሱቁ ተሰቅላ የምታዩዋት። ጅማ መርካቶ ከገዛኋት ወራት ተቆጥረዋል፣ ከእጄ የምትለይበት ቀን ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣሁ ልንገራችሁ። ወደ ጅማ ከመመለሴ በፊት ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ኤሌትሪክ እጠግን ነበር። እዛ የምንይዘው መለኪያ ውድ ነው፣ በየጊዜው ካሊብሬት ይደረጋል (ልክነቱ ይፈተሻል)፣ ወረቀትም አለው። ይህች እሱን አትተካም። በዚህች ለክቶ ለአውሮፕላን መፈረም የማይታሰብ ነው። ግን እዛ የተማርኩት አንድ የአለካክ ዘዴ በዚህችም ይሠራል፣ ባጃጅም መኪናም የምትነኩ ሁሉ ብታውቁት ደስ ይለኛል።

አንድ የቆየ ሴስና 172 ነበር። ሞተሩ ምንም አልሆነም። የነዚህ አውሮፕላኖች ካንዴላ እሳት የሚያገኘው ከማግኔቶ (ሞተሩ ራሱ እያዞረው ያለ ባትሪ እሳት ከሚያመነጭ ዕቃ) ስለሆነ ባትሪውም ዲናሞውም ቢሞቱ ሞተሩ አይጠፋም፤ የምታጡት ሬዲዮውን፣ መብራቱንና ሌላውን በኤሌትሪክ የሚሠራ ነገር ነው። ችግሩ የአምፔር መለኪያው መርፌ ነበር። ይወዛወዛል፣ አያርፍም። የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተቀየረ፣ መርፌው ያው። ዲናሞው ተቀየረ፣ አሁንም ያው። ወደ ሬጉሌተሩ የሚሄደው መስመር በኦም (ከረንትን የሚያግድበት መጠን) ተለካና ንጹሕ ነው ተባለ።

አለቃዬ ኦሙን አስተወኝ። ሞተሩ ጠፍቶ ማስተር ስዊቹ (ዋናው ማብሪያ፣ አንዱ ወገን ለባትሪ፣ ሌላው ለዲናሞ) በሁለቱም ወገን ሲበራ ሬጉሌተሩ ለዲናሞው ፊልድ (ማግኔት ለሚሆነው ጥቅል ሽቦ) ሙሉ ከረንት ይልካል። መስመሩ እንዲህ ሥራ ላይ እያለ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባስባሩ (ኤሌትሪኩ ለሁሉም የሚከፋፈልበት ብረት) ላይ፣ ሌላውን የሬጉሌተሩ መግቢያ ላይ አሳረፍኩ። ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ነበር የጠበቅኩት። 0.9 ቮልት አነበብኩ! ጫፉን ከብሬከሩ ወደ ስዊቹ፣ ከስዊቹ ወደ ሬጉሌተሩ እያሻገርኩ ስለካ አብዛኛው ቮልት የሚቀረው የማስተር ስዊቹ የዲናሞ ወገን ላይ ሆኖ ተገኘ። ውስጡ ያለው ኮንታክት ተቃጥሏል። ሬጉሌተሩ ደግሞ የአውሮፕላኑን ቮልቴጅ የሚያየው በዚያው መስመር ነው፤ ያነሰ መስሎት ከረንት ይጨምራል፣ ሲጨምር መስመሩ ላይ የሚባክነው ይበዛል፣ እንደገና ይሳሳታል። መርፌውን ያሳበደው ይሄ ነው። ስዊቹ ተቀየረ፣ መርፌው አረፈ። ያ ሁሉ ዕቃ በከንቱ ነው የተቀየረው፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ቢጫዋ እንመለስ። የኦሟ ትንሹ ደረጃ 200 ነው፣ የምትቆጥረውም በ0.1 ነው። ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ ስታነካኩ ራሱ ገመዷ ጥቂት ነጥብ ኦም ያሳያል። 0.02 ኦም የያዘ የዛገ ማሰሪያ እንዴት ትይዘው? አትችልም። ግን በዚያ ማሰሪያ 60 አምፔር ሲያልፍ 1.2 ቮልት ይበላል፣ 1.2 ቮልት ደግሞ ለዚህች ቴስተር ቀላል ነው። ጥሩ የምላት ለዚህ ነው። የዲሲ ቮልቷ ከዋጋዋ በላይ ነው።

በክረምቱ የጎረቤቴ ልጅ ባጃጅ ሞተሪኖው አልዞር አለው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ልጁ አዲስ ባትሪ ገዝቶ ነበር፣ "ጋሼ፣ ባትሪውን እኮ ትናንት ነው የገዛሁት" አለኝ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ባትሪው 12.6 ነው፣ ደህና ነው። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ ይዤ ቁልፉን አዙር አልኩት። 2.3 ቮልት። ግማሽ ቮልት እንኳ መሙላት የለበትም። ችግሩ ማሳው ነው፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘው መስመር። ብሎኑን ስንፈታው ከሥሩ ቀይ ዝገት እንደ ቡና አተላ ተጋግሯል። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈግነው፣ አጥብቀን አሰርነው፣ ከላዩ ግራሶ ቀባነው። ደግመን ስንለካ 0.2። ባጃጁ በአንዴ ተነሳ፣ ልጁ የገዛው ባትሪ ግን ሳያስፈልገው ነው።

ጉድለቷን ደግሞ አልደብቅም። ገመዶቿ ደካማ ናቸው፤ የእኔ አንዱ ከመያዣው ሥር ውስጥ ለውስጥ ተበጥሶ ግማሽ ቀን አባክኖብኛል፣ ስለዚህ ወፈር ያለ ገመድ ለብቻው ግዙ። ራሷን አታጠፋም፣ ረስታችኋት ካደራችሁ ባለ 9 ቮልት ባትሪዋ ያልቃል። ባትሪዋ ሲደክም ደግሞ ከእውነተኛው ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ የደከመ የመኪና ባትሪ ደህና መስሎ ይታያችኋል። ቁጥሯም ቀርፋፋ ነው፣ ለቅጽበት ብቅ ብሎ የሚጠፋ ችግር አትይዝም።

ከሁሉ በላይ ይቺን ልብ በሉ። 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ፊውዝ የለውም። ቀዩን ገመድ እዛ ረስታችሁ ቮልት ልለካ ካላችሁ ሾርት ነው፤ የቤት 220 ላይ ከሆነ እጃችሁ ላይ ልትፈነዳ ትችላለች። እኔ ያንን ቀዳዳ በፕላስተር ዘግቼዋለሁ። ለቤት መስመር ደግሞ ጭራሽ አልጠቀምባትም፣ ለሱ ሌላ የተሻለ አለኝ።

ለ12 እና ለ24 ቮልት ሥራ ግን ግዙ። ስትገዙ እዛው ሱቁ ውስጥ ሞክሯት። ሁለቱን ጫፍ አነካክታችሁ ገመዱን እያጣመማችሁ ቁጥሩ እንደማይዘል እዩ። ከዛ ሻጩን አዲስ የሪሞት ድንጋይ አምጣልኝ በሉት፤ ከ1.5 ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ካሳየች ያዟት። 1.8 ምናምን ካለች ባትሪዋን አስቀይራችሁ ድገሙት፣ አሁንም ያው ከሆነ ሌላ ያውርድላችሁ።