ሁለት አቆጣጠር ያለው አጀንዳ፦ ከኬሞቴራፒ በኋላ ለሚበተን ቀልብ ምን ያህል ይረዳል?

የምገመግመው በየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ የሚሸጠውን፣ በየገጹ አናት ላይ የኢትዮጵያንና የፈረንጆችን ቀን ጎን ለጎን የሚያሳየውን መካከለኛ አጀንዳ ነው። ብዙ ሰው ለቢሮ ጉዳይ ይገዛዋል፤ እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ የተጠቀምኩበት ለጡት ካንሰር የታዘዘልኝ ኬሞቴራፒ ካለቀ በኋላ አብሮኝ የቀረውን መርሳትና የሐሳብ ጭጋግ ለመቋቋም በመሆኑ፣ አስተያየቴ ከዚሁ አንጻር ይነበብልኝ።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀድሞ የወር ወጪን በቃሌ እይዝ የነበርኩት ሴት፣ ድምር ላይ እያለሁ ስልክ ከጠራ ከየት እንዳቆምኩ የማላውቅ ሆንኩ። ቃላት ምላሴ ጫፍ ደርሰው ይቀራሉ፤ «ጭልፋ» የሚለው ጠፍቶኝ እህቴን «ያንን የወጥ ማውጫ አቀብይኝ» ያልኳት ቀን ሁለታችንም ስቀናል፣ ማታ ግን ብቻዬን አልቅሻለሁ። ሐኪሜ እንዳስረዱኝ፣ በተለምዶ ኬሞ ብሬን የሚባለው ይህ ሁኔታ የመድኃኒቱ ውጤት ብቻ አይደለም፤ ድካም፣ የደም ማነስ፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ጭንቀት፣ ድባቴና ያለ ጊዜው የሚመጣ ማረጥም ያባብሱታል። በብዙዎች ላይ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ቀስ በቀስ ይቀልላል፣ በአንዳንዶች ላይ ግን ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ አጀንዳ ከመግዛት አስቀድሞ ለሐኪም መናገርና የደም ማነስ ወይም የታይሮይድ ችግር እንዳለ መመርመር ይቀድማል፤ መዘበራረቁ በድንገት ከመጣ ወይም ከባድ ራስ ምታት ካስከተለ ደግሞ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም።

አጀንዳው በእርግጥ ዋጋውን ያወጣው በቀጠሮ ነገር ነው። በታኅሣሥ ወር ከሕክምና ስወጣ በእጄ የነበረው ካርድ ላይ «5/6» ብቻ ተጽፏል። ይህ የካቲት 5 ነው ወይስ ጁን 5፣ ማለትም ግንቦት 28? ጤነኛ ሰው እዚያው ቆሞ ይጠይቃል፤ እኔ ግን መጠየቅ እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ ታክሲ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቀጠሮ ክፍሉን መስኮት ሳልለቅ አጀንዳውን እከፍታለሁ፣ ገጹን ለሠራተኛዋ አሳያለሁ፣ በሁለቱም አቆጣጠር ትክክል መሆኑን ካረጋገጠችልኝ በኋላ እጽፋለሁ። ሁለቱ ቀኖች በአንድ ገጽ ላይ ታትመው መገኘታቸው ለደከመ አእምሮ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ሰዓቱ ላይ ግን አጀንዳው በድሎናል። በግራ ጠርዝ የተደረደሩት ሰዓቶች ከ8:00 እስከ 18:00 ሲሆኑ፣ አሳታሚው ቀኑን አማርኛ አድርጎ ሰዓቱን ለምን ለፈረንጅ እንደተወው አይገባኝም። ከቀኑ 8 ሰዓት የነበረኝን የባንክ ጉዳይ 8:00 በሚለው መስመር ላይ ጻፍኩና ከማለዳው 2 ሰዓት በር ላይ ተገኘሁ። አሁን በየሳምንቱ እሑድ ማታ የሰባቱን ቀን ሰዓቶች በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ በኛ አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ፤ ይህ የገዢው ሥራ መሆን አልነበረበትም።

የስልኩ ማንቂያም ቢሆን ከዚህ ወጥመድ አላመለጠም። ማታ 2 ሰዓት የምውጠውን፣ ታሞክሲፌን የተባለውን የጡት ካንሰር ክኒን እንዲያስታውሰኝ 2:00 ብዬ ሞልቼው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቤተሰቡን ሁሉ ቀሰቀሰ። 20:00 ብዬ ካስተካከልኩት በኋላ በደንብ ያገለግለኛል፤ ሆኖም ድምፁን ካጠፋሁት በኋላ ክኒኑን መዋጥ አለመዋጤን ሊነግረኝ አይችልም። አጀንዳውም አይችልም፤ ሳልውጥ ምልክት ያደረግሁበት ጊዜ አለና። ለዚህ ሰባት ክፍል ያለው የክኒን ሣጥን ይሻላል፤ የማክሰኞው ክፍል ባዶ ከሆነ ተውጧል ማለት ነው። የእኔ ሣጥን ክዳኖቹ ላይ የቀኑ የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ስላለና ሁለት ሁለት ቀኖች አንድ ፊደል ስለሚጋሩ፣ ፕላስተር ለጥፌ በአማርኛ ጻፍኩበት። የረሱትን ለማካካስ በማግስቱ ሁለት ክኒን መዋጥ እንደማይገባም እዚያው መጥቀስ ተገቢ ነው።

ወደ አጀንዳው ስመለስ፣ ጥራዙ ጠንካራ ነው፣ ወረቀቱ ግን ስስ በመሆኑ ቀለም ወደ ጀርባው ያልፋል። የክር ምልክቱ በሦስተኛው ወር ተበጠሰ። ጥቅሙ የታየኝ አንድ ቦታ እንዲኖረው ከወሰንኩ በኋላ ነው፤ ቀን ከቦርሳዬ፣ ማታ ከሣጥኑ አጠገብ አይለይም። በአንድ ገጽ ከአምስት ነገር በላይ አልጽፍም፤ ድስት ስጥድ ሳይቀር «ሽሮ፣ ጨው ገብቷል» ብዬ አሰፍራለሁ። እናቴ መጀመሪያ ላይ «ልጄ፣ ይኼስ ይጻፋል?» ብላኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጨው የገባበትን ሽሮ ከቀመሰች በኋላ እስክሪብቶውን የምታቀብለኝ እሷ ናት።

የመጨረሻው ጉድለት ጳጉሜን ነው። ለሌላው ቀን ሁሉ ሙሉ ገጽ የሰጠው አሳታሚ የጳጉሜን ቀኖች በአንድ ገጽ አጨናንቋቸዋል፣ ለእያንዳንዱ ቀን የደረሰው ከሁለት መስመር አይበልጥም። የአዲሱን ዓመት አጀንዳ ጳጉሜን 2 ቀን ስገዛ መግዛቴን የምጽፍበት ቦታ አጣሁ፤ ጳጉሜን 4 ቀን ደግሞ ሄጄ ሌላ ገዛሁ። ትርፉን አብራኝ ስትታከም ለነበረች ጓደኛዬ ሰጥቻታለሁ፣ ከቀይ እስክሪብቶ ጋር።