ፕሮጀክት ሲንዲኬት፦ ለማብራሪያ እንጂ ለትንበያ የማይነበብ

በአንድ የግል ባንክ የውጭ ንግድ ክፍል ውስጥ ስለምሠራ፣ የዕለቱን የኤልሲ (አስመጪው ለውጭ ሻጭ የሚያቀርበው የባንክ የክፍያ ዋስትና) ማመልከቻዎች ከመክፈቴ በፊት ስለ ዓለም ኢኮኖሚና ፖለቲካ የተጻፉ ሁለት ሦስት ትንታኔዎችን ማንበብ የቆየ ልማዴ ነው። ከሁሉም ይልቅ ሳላቋርጥ የተከታተልኩት ፕሮጀክት ሲንዲኬት የተባለውን የምሁራን አስተያየት አሰራጭ ድርጅት ነው። የሥራ ባልደረቦቼ «እሱን ማንበብ ምን ይጠቅማል? ገንዘብስ ይከፈልበታል ወይ?» እያሉ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ መልሴን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስፈር መረጥኩ።

ድርጅቱ ለትርፍ ያልተቋቋመ ሲሆን መቀመጫው ፕራግ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ የኮሚኒስት ሥርዓት በወደቀባቸው የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች አዲስ ለተቋቋሙ ነፃ ጋዜጦች የታወቁ ምሁራንን አስተያየት ለማድረስ ታስቦ ነበር። አንድ የኖቤል ተሸላሚ ወይም የቀድሞ ሚኒስትር የጻፉት ጽሑፍ በአርታኢዎች ይታረማል፤ ወደ ዓረብኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ቻይንኛ፣ ሩሲያኛና ሌሎች ቋንቋዎች ይተረጎማል፤ ከዚያም በየአገሩ ላሉ አባል ጋዜጦች ይሰራጫል። የበለጸጉ አገሮች ጋዜጦች የሚከፍሉት የሌሎቹን ወጪ ስለሚደጉም፣ በድሃ አገሮች ያሉት በነፃ ወይም በቅናሽ ያገኙታል። እኛም አገር አዲስ ፎርቹን በእንግሊዝኛ ሲያትማቸው ስለኖረ፣ የምንጩን ስም ልብ ሳይል ያነበባቸው ሰው ጥቂት አይመስለኝም። ከለጋሾቹ መካከል ጆርጅ ሶሮስ ያቋቋሙት ኦፕን ሶሳይቲ እና የጌትስ ፋውንዴሽን ይገኙበታል፤ ሶሮስ ራሳቸውም ጽፈውበታል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ክርክሩ በአመዛኙ ዓለም አቀፍ ተቋማት ይጠናከሩ፣ ንግድም ክፍት ይሁን በሚሉ ሰዎች መካከል የሚካሄድ መሆኑን አንባቢው አስቀድሞ ቢያውቅ ይበጀዋል።

የጸሐፊዎቹ ስም ዝርዝር ያስደምማል፤ ከታወቁት የኢኮኖሚ ምሁራን መካከል ጆሴፍ ስቲግሊትዝ፣ ኑሪኤል ሩቢኒ፣ ዳኒ ሮድሪክ፣ ኬኔት ሮጎፍ፣ ዳሮን አሴሞግሉ፣ ባሪ አይከንግሪን። የስም ክብደት ግን ነገ የሚሆነውን ለማወቅ ብዙም እንደማይረዳ ለመረዳት እ.ኤ.አ. የ2021ን አጋማሽ ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ወቅት ስቲግሊትዝ የዋጋ ንረት ስጋቱ ተጋኗል ብለው ሲጽፉ፣ ሩቢኒ ደግሞ በዚሁ መድረክ ዋጋ እየናረ ዕድገት የሚቀዘቅዝበት፣ ዕዳም የሚፈነዳበት ዘመን እየመጣ ነው ብለው አስጠነቀቁ። በዓመቱ፣ በጁን 2022፣ የአሜሪካ የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ደርሶ በ40 ዓመታት ውስጥ ከፍተኛው ሆነ። እስከዚህ ድረስ ሩቢኒ ረትተዋል። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት መጸው ላይ ከባድ የኢኮኖሚ ድቀት ደጃፍ ላይ ቆሟል ብለው የጻፉት አልሰመረም፤ በ2023 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ከ2 በመቶ በላይ አደገ፣ ንረቱ በጁን ወደ 3 በመቶ ወረደ፣ ሥራ አጥነቱም ከ4 በመቶ በታች ቆየ። ከእነሱ መድረክ ውጪም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። የቀድሞው የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር ላሪ ሰመርስ ንረቱን ገና በ2021 መባቻ ተንብየው የተመሰገኑ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ንረቱን ለመግታት ሥራ አጥነት ለ5 ዓመታት ከ5 በመቶ በላይ መሆን አለበት አሉ፤ ንረቱ ግን ያ ሁሉ ሳይሆን በረደ። ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ይባል የለ! ፊሊፕ ቴትሎክ የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁር የ284 ባለሙያዎችን ትንበያ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል መዝግበው እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱን ሲያሳትሙ፣ በመገናኛ ብዙኃን ዝናቸው የገነነው ካልታወቁት ይልቅ የባሰ እንደሚስቱ ማሳየታቸውም ይህንኑ ያጠናክራል።

እንግዲያው ለምን አነበዋለሁ? ነገርን ከሥሩ የሚያስረዱ ጸሐፊዎች ስላሉበት ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጡት ሮድሪክ ናቸው። ያለ ዕድሜው የመጣ የኢንዱስትሪ ማሽቆልቆል የሚሉትን ሐሳብ ብንወስድ፣ እንግሊዝና ጀርመን፣ ኋላም ደቡብ ኮሪያ፣ ገበሬውን ወደ ፋብሪካ አስገብተው እንደ በለጸጉ፣ ዘግይተው የተነሡት አገሮች ግን ያን ያህል ሠራተኛ ሳይቀጥሩና ገቢያቸው ገና ዝቅተኛ ሳለ የፋብሪካው ዘመን ማዘቅዘቅ እንደሚጀምርባቸው ያስረዳል። ማሽኑ የሚፈልገው እጅ እየቀነሰ መጥቷል፤ ገበያውንም የቻይና ምርት ቀድሞ ሞልቶታል። ይህን ያነበበ ሰው እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲያስብ፣ ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 2022 ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከማስገባት ዕድል፣ መታገዷ የፓርኩን ችግር ከፊል ብቻ እንደሚያብራራ ይገባዋል። አጎዋ ነገ ቢመለስ እንኳ የሮድሪክ ጥያቄ ቦታውን አይለቅም። በሌላ ወገን አፍሪካ በፋብሪካ ማደግ ትችላለች ብለው የሚከራከሩት ዶክተር አርከበ ዕቁባይም በዚሁ መድረክ ጽፈዋልና፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ይቻላል። ከአገልግሎቱ ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

እንዲህ ያሉ ጸሐፊዎች ዓለምን ከላይ ስለሚያዩ ግን ከታች ያለው ሰው የሚጠይቀውን ብዙ ጊዜ አይመልሱም። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. አንድ የቆዩ ዘይት አስመጪ ደንበኛችን ፕሮፎርማቸውን በእጃቸው ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ዘንድ መጡ።

«ልጄ፣ ኢንዶኔዥያ ዘይት አልሸጥም ብላለች ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጋሼ፤ ከሚያዝያ 20 ጀምሮ አግዳለች።»

«እስከ መቼ?»

በዚያ ሰሞን ከየቦታው ሰብስቤ ያነበብኳቸው ትንታኔዎች ሁሉ ስለ ዩክሬን ስንዴና ስለ አውሮፓ ጋዝ የሚያትቱ ስለነበሩ የምመልሰው አጣሁ። የነገሩ ሰንሰለት ግን አስቸጋሪ አልነበረም፤ የዩክሬን የሱፍ ዘይት ሲቋረጥ ገዢው ሁሉ ወደ ፓልም ዞረ፣ በኢንዶኔዥያም ውስጥ ዋጋው ናረ፣ መንግሥቷም የአገሬን ማዕድ ቤት ላስቀድም ብሎ በሩን ዘጋ። የዓለም ትልቋ የፓልም ዘይት አምራች እገዳውን ያነሣችው ግንቦት 15 ቀን ነው። ለአውሮፓ አንባቢ ጋዙ ቢቀድም አይፈረድበትም፤ በአዲስ አበባ ግን የዚያ ወር ወሬ ባለ 5 ሊትሩ የፓልም ዘይት ነበር።

ስለ ዕዳም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 የ1 ቢሊዮን ዶላሩን ዩሮቦንድ (ለውጭ ባለሀብቶች የተሸጠ የመንግሥት የዕዳ ሰነድ) ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳትከፍል ከቀረች በኋላ፣ ስማችን በጽሑፎቹ በአብዛኛው ዕዳ መክፈል ካቃታቸው ከዛምቢያና ከጋና ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር እየተጠራ ያልፋል። የቡድን 20 የዕዳ ማቃለያ ማዕቀፍ ለምን እንደሚንቀራፈፍ፣ ማለትም አበዳሪ መንግሥታትና የቦንድ ባለቤቶች ማን የቱን ያህል ይክሰር በሚለው ላይ እንዴት እንደሚጓተቱ ግን ጸሐፊዎቹ በሚገባ ያስረዳሉ። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ሲወሰን ነገሩን ለመረዳት ከእኛው ዜና ይልቅ ይህ ንባብ ረድቶኛል ብል ማጋነን አይሆንም።

ወደ አገልግሎቱ አቀራረብ ስንመጣ፣ ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው፤ አንዱን ቡና ሳይበርድ መጨረስ ይቻላል። የተወሰኑት በነፃ ሲነበቡ ረጃጅሞቹ ለከፋዮች ተቆልፈዋል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ለሚኖር ወገን ቀላል ሲሆን፣ አዲስ አበባ ለተቀመጠ ግን ካርዱን ማግኘቱ ከዋጋው ይልቅ ያስቸግራል። አማርኛ ከትርጉም ቋንቋዎቹ መካከል የለም፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። ለእኔ ከሁሉ የላቀው ክፍል የየጸሐፊው የቆዩ ሥራዎች ተሰብስበው የተቀመጡበት ነው። አዲሱን ጽሑፍ ከማንበቤ በፊት ያው ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ምን ብሎ እንደነበር እከፍታለሁ፤ ስህተቱን የሚያነሣና የሚያልፍ ጸሐፊ የሚለየው እዚያ ነው።

ስለዚህ በውጭ ንግድ፣ በጋዜጠኝነት ወይም በኢኮኖሚክስ ትምህርት ላይ ላለ ሰው ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ የዶላርን የሚቀጥለው ወር ዋጋ ለሚፈልግ ግን ገንዘቡን ቢቆጥብ ይሻለዋል። ጀማሪ በሮድሪክና በአይከንግሪን ይጀምር፤ ሩቢኒን የ2022ቱን ጽሑፋቸውን አጠገቡ አድርጎ ያንብባቸው።