ለሃይስኩል ተማሪ የትኛው ማይክሮስኮፕ ይሻላል? አራቱን ጎን ለጎን

ባዮሎጂ ላይ የሴል ትምህርት ሲጀመር ከወላጆች የማትቀር ጥያቄ አለች፦ «ለልጄ ማይክሮስኮፕ ልገዛለት ነበር፤ የቱን ልውሰድ?» ባሕር ዳር ላይ ምርጫው ሰፊ አይደለም። የፕላስቲኩ ከአሻንጉሊት ጋር ይሸጣል። በዩኤስቢ የሚሠራው ቴሌግራም ላይ ሞልቷል። ዋናው የላብራቶሪ ማይክሮስኮፕ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተልኮ ነው የሚመጣው። አራተኛው ከወረቀት የሚታጠፈው ፎልድስኮፕ ነው። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሳምንት አይቆይም። ከአራቱ ኪስ የሚጎዳው ግን የላብራቶሪው ነው።

መጀመሪያ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እርሱት። «1200 ጊዜ ያጎላል» ማለት 1200 ጊዜ አጥርቶ ያሳያል ማለት አይደለም። የደበዘዘ ፎቶ ስልክ ላይ በጣት ብትለጥጡት ይተልቃል እንጂ አይጠራም፤ ይኼም እንደዚያው ነው። ጥሩ የሚባለው የብርሃን ማይክሮስኮፕ እንኳ ለያይቶ ማሳየት የሚችለው እስከ 0.2 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። አንድ ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው።

ለሃይስኩል የሚያስፈልገው ደግሞ ያን ያህል አይደለም። የሽንኩርት ልጣጭ ሴል ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ200 ማይክሮሜትር በላይ ነው። ከጉንጭ ውስጥ የሚወሰደው ሴል 60 አካባቢ፣ ቀይ የደም ሴል ከ7 እስከ 8 ነው። ለእነዚህ ሁሉ 400 ጊዜ ይበቃል። ይህም ባለ 10 የዓይን ሌንስ በባለ 40 የታች ሌንስ ሲባዛ ማለት ነው። 1000 የሚያስፈልገው ባክቴሪያ ለማየት ነው፤ እሱም ልዩ ዘይት ይጠይቃል።

የፕላስቲኩና የዩኤስቢው

የፕላስቲኩን ቶሎ ልጨርሰው። ሌንሱ ራሱ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። አቋሙ ይንቀጠቀጣል፤ ፎከሱን ስትነኩት ምስሉ ይጠፋል። በትንሹ ሌንስ የሽንኩርት ሴል ግድግዳ ሊታይ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ጭጋግ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ይጫወትበት። የሃይስኩሉ ልጅ ግን «ምንም አይታይበትም» ብሎ ጥግ ላይ ይወረውረዋል፤ አይፈረድበትም።

የዩኤስቢው ሌላ ነገር ነው። እሱ ቀረብ ብሎ የሚያነሳ ካሜራ ነው። መብራቱ ከላይ ስለሚመጣ የሚያሳየው የነገሩን ገጽ ነው። የጤፍ ፍሬ፣ የጉንዳን ጭንቅላት፣ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት ላይ ያሉት ክብ መስመሮች በጣም ያምሩበታል። ስክሪን ላይ ስለሚወጣም ክፍሉ ሁሉ አንድ ላይ ያያል። ሴል ለማየት ግን ናሙናው ስስ ሆኖ ብርሃን ከሥር አልፎበት መምጣት አለበት። የዩኤስቢው ለዚህ አልተሠራም። «1600» የሚለው ቁጥርም የስክሪኑን ማጉላት ጨምሮ የተጻፈ ነው። ልጁ ነፍሳትና ዕፅዋት የሚወድ ከሆነ ግዙት፤ ከስልካችሁ ጋር መሥራቱን እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩ። ለሴል ትምህርት ከሆነ ይቅርባችሁ።

ወረቀቱ

ፎልድስኮፕን የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ማኑ ፕራካሽና ባልደረቦቹ ናቸው የሠሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ አደረጉት። የሚታጠፍ ወረቀትና አንዲት ትንሽ ሌንስ ነው። 140 ጊዜ ያጎላል፣ ወደ ሁለት ማይክሮሜትር ድረስ ይለያል። ከፕላስቲኩ አሻንጉሊት በብዙ እጥፍ ይሻላል፤ የሽንኩርት ሴል አስኳል፣ ኒውክለስ የሚባለው፣ ይታይበታል። መብራት ሄደ መጣ አያሳስበውም፣ መስኮት ይበቃዋል። ችግሩ እጅ ይፈልጋል። ወደ ብርሃን ይዞ፣ ዓይን ላይ አስጠግቶ፣ በአውራ ጣት እየገፉ ማስተካከል ያስለምዳል። ትዕግሥት የሌለው ልጅ ይሰለቻል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ግን አስመጡት፤ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም።

የላብራቶሪው

አቅም ካለ መልሱ ይኼ ነው። እዚህም ውስጥ ግን ምርጫ አለ።

አንድ ዓይን ወይስ ሁለት? ለተማሪ አንድ ዓይን ይበቃል። የሁለት ዓይኑ ይመቻል፣ ግን ዋጋው ይጨምራል፤ ምስሉን አያጠራውም።

መስታወት ወይስ መብራት? በመስታወት የሚሠራው ርካሽ ነው፣ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ነገር ግን ማታ አይሠራም። መስታወቱን ቀጥታ ወደ ፀሐይ ማዞር ደግሞ ዓይን ያጠፋል፤ ልጁን አስጠንቅቁት። እኔ የምመርጠው ቻርጅ የሚደረግ ባለ ኤልኢዲ ነው፤ መብራት ቢሄድም ሥራ አይቆምም። መስታወት በተጨማሪ ካለው እሰየው።

ሰው የማይጠይቀው ነገር ዲያፍራም ነው። ከናሙናው ሥር ብርሃኑን የሚያጠበው ክፍል ማለት ነው። ያልተቀባ ሴል ውሃ የመሰለ ግልጽ ነው። ብርሃኑን ጠበብ ስታደርጉት ጠርዙ ብቅ ይላል። ዲያፍራም የሌለውን አልገዛም።

ያገለገለ ብትገዙም አይከፋም፤ አሮጌ ሆኖ ጥሩ ሌንስ ያለው ከአዲስ ርካሽ ይበልጣል። ስትሄዱ ግን ቀይ ሽንኩርት ያዙ። ባለሱቁ ይስቃል፤ ይሳቅ። በባለ 10 አጥርታችሁ ወደ ባለ 40 ስታዞሩት ምስሉ በትንሽ ማስተካከያ መመለስ አለበት። ከዚያ እጃችሁን አንሥታችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ምስሉ በራሱ ከደበዘዘ የፎከሱ መዘውር ላልቷል። ሌንሱን አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ብታዩት የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ተመልሳችሁ ውጡ። እዚህ ሐይቁ ዳር ክረምቱ እርጥብ ነው። እናንተም ስታስቀምጡት ደረቅ ቦታ ይሁን፤ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን የእርጥበት መጣጭ ከረጢት አብራችሁ ክተቱ።

ምን ይታይበታል?

ሽንኩርት የሚበቅልበት ፎገራ ያለባት አገር ናሙና አያጣም። የቀይ ሽንኩርት የውጭ ልጣጭ ቀለም መግዛት እንኳ አያስፈልገውም። ቀዩ ቀለም ሴሉ ውስጥ ባለው ትልቅ የፈሳሽ ከረጢት፣ ቫኩዩል በሚባለው ውስጥ ነው ያለው። ስሱን ልጣጭ ውሃ ጠብታ ላይ አንጥፉት፣ ከቨር ስሊፕ የሚባለውን ስስ መስታወት ክደኑበት፣ በ100 ጊዜ ማጉላት እዩት። ጡብ የመሰሉ ሮዝ ሳጥኖች ተደርድረው ታያላችሁ። አሁን በአንዱ ጠርዝ የጨው ውሃ ጣል አድርጉ፣ በሌላው ጠርዝ በሶፍት ሳቡት። ቀለሙ ከግድግዳው እየተላቀቀ ወደ መሀል ይሰበሰባል። ግድግዳው ባለበት ይቀራል። የሴል ግድግዳና የሴል ሽፋን ልዩነት ከዚህ በላይ አይብራራም።

የጉንጭ ሴል ለማየት በጥርስ መፋቂያ ስንጥር ውስጡን ለስለስ አድርጎ መፋቅ ነው። ማቅለሚያው ፋርማሲ አለ፤ ጂቪ የሚባለው ሐምራዊው መድኃኒት ይሆናል፣ በውሃ አቅጥኑት። ኒውክለሱ ጠቆር ብሎ ይወጣል። ግድግዳ የለም፤ የእንስሳ ሴል ነዋ።

እምቦጭም ለአንድ ነገር ይጥቀመን። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ ስንት ሰው አድክሟል። ያበጠውን የቅጠሉን ዘንግ በምላጭ ስስ አድርጋችሁ ክረጡት። ትልልቅ የአየር ክፍሎች ይታያሉ፤ የሚንሳፈፈው በእነሱ ነው። በ400 ደግሞ መርፌ የመሰሉ ቅንጣቶች ታገኙ ይሆናል፤ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል ጨው ክሪስታሎች ናቸው። ሥሩ ላይ ያለው ውሃ ሲጨመቅም በሚርመሰመሱ ነፍሳት የተሞላ ነው። ብቻ ውሃው ውስጥ እግራችሁን ነክራችሁ አትቅዱ። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ፤ በገመድ የታሰረ ጆግ ይበቃል።

የሴል ጥቃቅን ክፍሎች ግን ሁሉም አይታዩም፤ መጽሐፉ ላይ እንደተሳለው ማይቶኮንድሪያ ከነውስጡ አይታይም። ራይቦዞም ጨርሶ አይታይም። እነሱ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥራ ናቸው። ይህን ለልጁ ቀድማችሁ ንገሩት፤ አለዚያ ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል።

እንግዲህ የቱ?

ለቤት፦ ባለ አንድ ዓይን፣ ባለ ኤልኢዲ፣ ባለ 4፣ 10 እና 40 ሌንስ። ባለ 100 ሌንስ ካለው አትክፈሉበት፤ ዘይት የሚገዛለት የለም። ኪስ ካልፈቀደ ፎልድስኮፕ። ለትምህርት ቤት ምክሬ ትንሽ ይለያል። ካሜራ የተገጠመለት አንድ ውድ ማይክሮስኮፕ ገዝቶ ቢሮ ከመቆለፍ በዚያው ብር ብዙ ቀላሎች መግዛት ይሻላል፤ ልጆቹ በየተራ ይነኩታል። የስልክ ካሜራ የዓይን ሌንሱ ላይ ሲደገፍ ፎቶውን ያነሳል። ስታዝዙ ከቨር ስሊፕ አትርሱ፤ እንደ ጉድ ነው የሚሰበረው፣ ሁለት ፓኬት ይሁን።