3ቱንም የኤሌክትሪክ መስመር (ፌዝ) እንለካለን ብለው አንዱን ብቻ ለኩልን

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። የደረስኩበት ዛሬ ጠዋት ነው።

ሕንፃ የምታስተዳድሩ ሰዎች እነዚህን የመብራት ፍጆታ መለኪያ ሻጮች ታውቋቸዋላችሁ። ታብሌት ይዘው ይመጣሉ፣ ባለቀለም ግራፍ ያሳያሉ፣ «የመብራት ፍጆታችሁን ከስልካችሁ ትከታተላላችሁ» ይላሉ። ሙቀትና ወበቅ ባለበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኤሲው አየሩን ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን እርጥበቱንም መምጠጥ አለበት። ከሁሉ በላይ ኃይል የሚበላውም እሱ ነው። ስንት እንደሚበላ በዓይኔ ለማየት ጓጉቼ የዓመቱን ክፍያ በአንዴ ከፈልኩ።

ሦስት ወር ሙሉ አፑ «ፍጆታችሁ ቀንሷል» ሲለኝ ከረመ። የመብራት ቢሉ ግን ይጨምራል። ስደውል «ሙቀቱ ብሶ ነው» ይሉኛል። እኔም አምኜ ለአለቃዬ ያንኑ አስረዳሁ! እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ዛሬ ኤሌክትሪሺያናችን የማከፋፈያ ሳጥኑን ከፍቶ ባትሪ አበራና «እስቲ ይዩት» አለኝ። ሕንፃው 3 ፌዝ ነው፤ ኃይል የሚገባው በ3 ገመዶች ነው። በ3ቱም ገመዶች ላይ ከረንት የሚለካ ቀለበት መታሰር ነበረበት። የታሰረው አንድ ብቻ ነው። ሁለቱ ከነላስቲካቸው ሳጥኑ ጥግ ተወሽቀዋል። ላስቲኩ እንኳን አልተቀደደም። ለካስ አንዱን ለክተው በ3 እያባዙ ነው የሚልኩልን! በዚያ ፌዝ ላይ ያለው ደግሞ በአብዛኛው አምፖል ነው። ትልልቆቹ ኤሲዎች ያሉት በሌሎቹ ሁለት ላይ ነው። አምፖል ባጠፋን ቁጥር ቁጠባው 3 እጥፍ ሆኖ ይታየናል፤ ኤሲዎቹ ማንም ሳያያቸው ይበላሉ።

ወዲያው ደወልኩ። ቴክኒሻኑ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እርስዎ ኢንጂነር ነዎት እንዴ? ፌዞቹ እኩል ናቸው ብለን ነው የምናሰላው።» ከኋላው ሰው ሲስቅ ይሰማኛል። ገንዘቤን መልሱ ስል «ውሉን ያንብቡት» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጠረቀመው።

ሲገጥሙት እኮ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ክዳኑን እስኪዘጉ ጠብቄ ፈረምኩ። አንዴ ጎንበስ ብዬ ማየት እንዴት አቃተኝ?

እባካችሁ፣ ሳትፈርሙ ሳጥኑን አስከፍቱ፣ ቀለበቶቹን ቁጠሩ። የራሳችሁ ሰው በክላምፕ ሜትር (ገመዱን ከውጭ አቅፎ ከረንት በሚለካ የእጅ መሣሪያ) 3ቱንም ፌዝ ይለካና ከስክሪኑ ጋር ያስተያይ። የወሩ ድምር ከዋናው ቆጣሪ ጋር ካልተቀራረበ ቀሪውን አትክፈሉ። እኔ ነገ ውሉን ይዤ ቢሯቸው እሄዳለሁ።