ካምቢዮው ይውረድ ሲሉኝ «ቆይ እህቴ፣ መጀመሪያ አብረን እንንዳት» ላለኝ መካኒክ

እግዜር ይስጥልኝ ብዬው ብመጣም አልወጣልኝም። ስለዚህ እዚህም ልጻፈው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጠራ ለምኖኛል፣ አልጠራም። ሥራውን ግን መናገር አለብኝ።

መኪናዬ አውቶማቲክ ናት። የገዛኋት አገልግላ ነው። ቀድሞ የነበራት ሰው በእጅ የምትያዝ ቱነር (የመኪናን ኮምፒውተር አሠራር የምትቀይር ትንሽ መሣሪያ) ከነገመዷ የመኪናዋ ኪስ ውስጥ ትቶልኛል። ለምን እንደምትሆን ግን አልነገረኝም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የማርሹ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። ሳይደርስ ማርሽ ትጨምራለች፣ ሞተሩ ይጨነቃል። ወዲያው መልሳ ትቀንሳለች፣ እንደገና ትጨምራለች። ዳገት ላይማ አያድርስ ነው። ከሁለት ወደ ሦስት ስትገባ ደግሞ ከኋላ ሰው የገጫት ያህል ትመታለች።

እናቴ ወገቧን ታማለች። ወደ ሕክምና የማመላልሳት እኔ ነኝ። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር የበሩን እጀታ ጭብጥ አድርጋ ትይዛለች። «ደህና ነኝ፣ ንጂ» ትለኛለች። ፊቷን በመስታወት እያየሁ እንዴት ልንዳ? የራሴን ምቾት ትቼ ያን ሁሉ ጋራዥ የዞርኩት ለእሷ ነው።

የሄድኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። ግን የደረሰብኝን ልናገር። አንደኛው መመርመሪያ ማሽኑን ሰክቶ «ፒ0700» የሚል የብልሽት ቁጥር አየ። በዚያው ትንፋሽ «ካምቢዮው አልቆለታል፣ ይውረድ» አለኝ። መኪናዋን አልነዳትም። ምን ታደርጋለች ብሎም አልጠየቀኝም። ሌላው ዘይት ቀየረና «በቃ፣ ሂጂ» አለኝ። ከግቢው ሳልወጣ ያው ምት መጣ። ተመልሼ ስነግረው ሳቀብኝ። ሦስተኛው ደግሞ ጭራሽ «ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ፣ ለእሱ አስረዳዋለሁ» አለኝ። ቱነሯን ሳሳየውም «ይህን መጫወቻ ጣይው» ብሎ ወንበሩ ላይ ወረወራት። ያን ቀን እያለቀስኩ ነው ወደ ቤት የነዳሁት። ገንዘቡ አይደለም ያስለቀሰኝ፣ ንቀቱ ነው።

ወደዚህኛው ሰው የላከችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። እውነቱን ለመናገር ተስፋ ቆርጬ ነበር የሄድኩት። ገና «ካምቢዮው ይውረድ ተብያለሁ» ስለው እጁን ጠራረገና «ቆይ እህቴ፣ መጀመሪያ አብረን እንንዳት። አንቺ ንጂ፣ እኔ ልይ» አለኝ። አጠገቤ ተቀመጠ። እናቴ ከኋላ ነበረች። «እናቴ፣ የሚያምዎት ቦታ ስንደርስ ይንገሩኝ፣ ቀስ እንላለን» አላት። እስከዛሬ እሷ መኪናው ውስጥ መኖሯን ያየ መካኒክ አልነበረም።

መንገድ ላይ ብዙ አላወራም። ስልኩን አውጥቶ የጂፒኤስ ፍጥነት ከፈተና ከክሩስኮቱ ጎን ያዘው። ስልኩ 80 ሲል ክሩስኮቱ 86 ይላል። እኔ ይህን ያህል ጊዜ ስነዳት አንድም ሰው ይህን አላየልኝም። ፈገግ አለና «ዳር ያዢ» አለኝ። ወርዶ የጎማውን ጎን አነበበ። 245/75 አር16 ይላል። ተመልሶ ገባና «ያቺ ቱነር የታለች?» አለኝ።

ከመሪው ሥር ባለው መሰኪያ ሰካት። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ለሚሸጡ መኪኖች ሁሉ ግዴታ የሆነው መሰኪያ ይህ ነው አለኝ። ቱነሯ ውስጥ የተጻፈው ጎማ 285/75 አር16 ነበር። ሁለቱ ጎማዎች በቁመት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለያያሉ። ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ፦ የድሮው ባለቤት ትልልቅ ጎማ አስገብቶ ለኮምፒውተሩ ነግሮታል። የማርሽ መቀየሪያውን ፍጥነትም፣ የምቱን ጥንካሬም በራሱ ፍላጎት ቀያይሯል። ሊሸጣት ሲል ጎማዎቹን ብቻ መለሰ። ኮምፒውተሩ ግን አሁንም ትልልቆቹ ጎማዎች አሉ ብሎ ያምናል። ስለዚህ መኪናዋ ከእውነቱ የበለጠ የፈጠነች ይመስለዋል፣ ማርሽ ቶሎ ይጨምራል። ከዚያ በላይ ስለ ግፊትና ስለ ሶሌኖይድ የነገረኝን አልያዝኩትም። ዋናው ነገር ግን ገብቶኛል። ካምቢዮው አልሞተም። የተሳሳተ ነገር ተነግሮት ነው።

«ፒ0700ስ?» አልኩት። ያ ቁጥር የተሰበረ ዕቃ አይጠራም አለኝ። የካምቢዮው ኮምፒውተር የሚናገረው ነገር አለ፣ እሱን ጠይቁ ማለት ብቻ ነው። እሱም ጠየቀው። እዚያ የተቀመጠው ስህተት ባትሪው ደክሞ በነበረ ጊዜ የተመዘገበ የቮልቴጅ ማነስ ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ካምቢዮዬን ሊያወርዱት ነበር! አሁንም ሳስበው ያንዘፈዝፈኛል።

እንዲያም ሆኖ በግምት አልሠራም። ሞተሩ እንደሞቀ፣ እየሠራ እያለ የካምቢዮውን ዘይት በመለኪያው አወጣና ነጭ ወረቀት ላይ አንጠባጠበው። አሸተተው፣ ለእኔም አሳየኝ። «ቀይ ነው፣ የተቃጠለ ሽታ የለውም። ውስጡ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ብዙ ጊዜ ይጠቁራል» አለኝ። ከዚያ ባትሪው ላይ ቻርጀር አሰረ። መብራቱን፣ ሬዲዮውን፣ ማራገቢያውን ሁሉ አጠፋ። እየጻፈ ሳለ ኃይል ከወረደ ኮምፒውተሩ ሊበላሽ ይችላልና በር እንኳ እንዳንከፍት ነገረን። ቱነሯ የመጀመሪያውን የፋብሪካ ፋይል ይዛው ነበር። ወደዚያ መለሳት። ያ ሰው ጣይው ያለኝ «መጫወቻ» ውስጥ ነበር መድኃኒቱ! ብጥላት ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?

አሁን ወደ ደግነቱ ልምጣ። ቱነሯ እየጻፈች እያለ ለእናቴ ከቢሮው ጀርባው ቀጥ ያለ ወንበር አምጥቶ ከመኪናው አጠገብ አስቀመጠ። ግን በር አትክፈቱ ብሎናልና አልወረደችም። ቆሞ በመስኮቱ በኩል ስለ ወገቧ ይጠይቃታል። የእሱም እናት እንደዚህ እንደምትታመም ነገራት። ሁለቱ ሲያወሩ እኔን ረሱኝ። ሂሳብ ላይ ደግሞ ካምቢዮ አልነካሁም ብሎ ያየበትንና የጻፈበትን ብቻ ተቀበለኝ። ልጨምርለት ብል እምቢ አለ።

ስንለያይ አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። ኮምፒውተሩ ማርሹን እንደ አዲስ እየተማረ ስለሚቆይ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ብታስቸግር አትደንግጪ፣ ቤንዚኑን እስከ ወለል አትርገጪ፣ በልክ ንጂ አለኝ። እንዳለውም ሆነ። መጀመሪያ ትንሽ ተንገራገጨች፣ ከዚያ እየለሰለሰች ሄደች። አሁን ማርሽ ሲቀየር የማውቀው በድምፁ ብቻ ነው። እሱም ራሱ ደውሎ «እንዴት ሆነች? እናታችንስ?» አለኝ። የትኛው ጋራዥ ነው ደውሎ የሚጠይቅ?

ወገኖቼ፣ እባካችሁ ካምቢዮ ይውረድ ስትባሉ ቶሎ እሺ አትበሉ። መጀመሪያ የነዳው ሰው አለ ወይ በሉ። ያገለገለች መኪና ከእንዲህ ዓይነት ቱነር ጋር ከገዛችሁ አትጣሏት፣ ለሰውም አትስጧት። ብዙዎቹ ከአንድ መኪና ጋር የታሰሩ ናቸው፣ የፋብሪካው ፋይልም ያለው እነሱ ዘንድ ነው። ሻጩንም ምን እንደቀየረ ጠይቁት።

እናም ወደዚህ ሰው ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። ሴቶች በተለይ ብቻችሁን ሂዱ፣ ለእናንተው ያስረዳችኋል። ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ቱነሯን ከነገመዷ መያዝ አትርሱ። በጠዋት ድረሱ፣ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ወጥቶ ስለሚነዳ ወረፋው ቀስ ይላል።