«የሕፃናት ስፔሻሊስት» የሚል ታፔላ አይታችሁ እንዳትከፍሉ

ልጅ ያላችሁ፣ በተለይ የመጀመሪያችሁን የታቀፋችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ።

ልጄ አስር ወሯ ነበር። ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ «የሕፃናት ስፔሻሊስት አለን፤ የዓመቱን ክትትል አሁን ከከፈልሽ ቅናሽ አለው» አለኝ። ከፈልኩ። ደረሰኝ እንጂ ውል አልሰጡኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ሦስት ጊዜ ሄድን። አንድም ቀን ሚዛን ላይ አላወጧትም። በሦስተኛው ጉንፋን ይዟት ነበር። ሐኪሙ ደረቷን በሹራቧ ላይ አዳመጠና አንቲባዮቲክ ከሳል ሽሮፕ ጋር ጻፈ። ፋርማሲስቷ ወረቀቱን አይታ «ኪሎዋ ስንት ነው?» አለችኝ። አላውቅም። «እህቴ፣ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሳል ሽሮፕ አይመከርም። አንቲባዮቲኩም ልኩ ከኪሎዋ ነው የሚሰላው» አለችና ወረቀቱን መለሰችልኝ። ፓራሲታሞል እንኳ ለአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። ሳይመዝኑ መጻፍ በግምት መጻፍ ነው።

በማግስቱ ተመልሼ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰርተፍኬት ቀርቤ አነበብኩት። በትልቁ «የሕፃናት ሕክምና» ይላል። ከሥሩ በደቃቁ፦ የሦስት ቀን ሥልጠና ተሳታፊ።

ሰውየው ሐኪም ነው፣ ፈቃድም አለው። ግን ጠቅላላ ሐኪም ነው። ጠቅላላ ሐኪም ልጅ ያክማል፣ ጎበዞችም ሞልተዋል። ቅሬታዬ ባልሆነው ስም ገንዘቤን መውሰዱ ላይ ነው። የሕፃናት ስፔሻሊስት ሐኪም ከሆነ በኋላ ተጨማሪ ዓመታት፣ በብዙ አገር 3 ወይም ከዚያ በላይ፣ በልጆች ሕክምና ላይ ብቻ የሠለጠነ ነው።

ስለዚህ የሐኪሙን ሙሉ ስምና የፈቃድ ቁጥር ጠይቁ። ከዚያ ፈቃድ ሰጪው አካል ጋ ራሳችሁ አጣሩ። ክሊኒኩ በሚሰጣችሁ ስልክ ሳይሆን ራሳችሁ ባገኛችሁት። ስም ይመሳሰላልና ቁጥሩን አመሳክሩ። «ፈቃድ አለው?» ብቻ ብላችሁ እንዳትመለሱ፤ እኔም ያንን ብቻ ብጠይቅ «አዎ» ነበር መልሱ። «የተመዘገበው በሕፃናት ስፔሻሊቲ ነው ወይ? ፈቃዱ ታድሷል? የተወሰደበት እርምጃ አለ?» በሉ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

የዓመት ክፍያ ደግሞ ቢቀር ይሻላል። ካልተስማማችሁ መውጫ ታጣላችሁ።

አንድ ነገር ግን ማጣራት እስኪያልቅ አይጠብቅም። ከሦስት ወር በታች ያለ ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ገንዘቤን ስጠይቅ «በቅናሽ የተከፈለ አይመለስም» አሉኝ። የታፔላውን፣ የሰርተፍኬቱንና የማዘዣውን ፎቶ አያይዤ ለፈቃድ ሰጪው አቤቱታ አስገብቻለሁ፤ መልስ እየጠበቅኩ ነው። አሁን የምንሄድባት ሐኪም ጋ ገና ስንገባ ነርሷ ዳይፐሯን ሳይቀር አውልቃ መዘነቻትና የእድገት ካርዷ ላይ ነጥብ አደረገች። ከልደቷ ወዲህ ያ ካርድ ባዶ ነበር።