የማታ መንገዴ ሙዚቃ

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በምመለስባቸው ምሽቶች አንድ አልበም ከመኪናዬ አይጠፋም፤ ጂም ጃርሙሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው ፊልም ሙዚቃ። በፊልሙ ውስጥ ኢትዮጵያዊው ዊንስተን ለጎረቤቱ ለዶን ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል። ዶንም የድሮ ፍቅረኞቹን ፍለጋ ሲነዳ የሙላቱ አስታጥቄ ዜማ አብሮት ይጓዛል።

«የከርሞ ሰው» ሲጀምር ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ዜማውን ሲያነሡ፣ ቤዝ ጊታሩ ከሥር ሳይቸኩል ሲረግጥ፣ ጨለማው መንገድ ራሱ በሐሳብ የተዋጠ ይመስለኛል። «የግሌ ትዝታ»ን ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳልመልሰው ቤቴ አልደርስም። ዶንን ሆኖ የተወነው ቢል መሪ ፊቱን ሳያንቀሳቅስ የተቀመጠባቸውን ትዕይንቶች ያስታውሱ፤ የሰውየውን ብቸኝነት የሚነግረን ሙዚቃው ነው። ይህ ሁሉ ፊልሙ ከመሠራቱ ከሠላሳ ዓመታት በፊት የተቀረጸ መሆኑ ዛሬም ይደንቀኛል።

አልበሙ ውስጥ ስሊፕ የተባለው የሮክ ባንድ ከባድ ጊታርም አለ፤ ስሜቴን ስለሚሰብርብኝ ሁልጊዜ አልፈዋለሁ። የፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ የፎሬ የጸሎት ዜማ ግን ይቆይልኝ። ከሙላቱ ቀጥሎ ስሰማው የአንድ ቤተሰብ ልጆች ይመስሉኛል። የምትገዙት ከሆነ ፊልሙን አስቀድማችሁ እዩት፤ ከዚያ በሌሊት፣ ብቻችሁን ስሙት።